የጋቢናው ንፋስ

እናቴን ከንፋስ ያዳንኳት እኔ ነበርኩ። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አላገዘኝም። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም። ያን ቀን ጠዋት በልጅ ልቤ የተሰማኝን ኩራት ትቼ የሆነውን ብቻ ብናገር ግማሹን የደበቅኩ ስለሚመስለኝ ነው።

የምንኖረው መተሐራ ነበር። አባቴ ባጫ በዕድሜ እኔን የሚበልጥ ሰማያዊ የጭነት መኪና ነበረው፤ ሽንኩርትና ሐብሐብ ወደ አዳማ ያመላልስበታል። መኪናው ያልተበላሸ ነገር አልነበረውም። እናቴ በምትቀመጥበት በኩል ያለው መስኮት ማውረጃው ተሰብሮ እንደተዘጋ ቀርቷል። የዳሽቦርዱ መሳቢያ ጀርባው ተቀዶ፣ ውስጡ የተቀመጠ ነገር ሁሉ ወደ መኪናው ሆድ ይወድቃል። ደህና የሚሠራው ፋኑ ነበር። አባቴ ማዞሪያውን ሦስት ቁጥር ላይ ሲያደርገው ከዳሽቦርዱ ቀዳዳዎች የሚወጣው ንፋስ ፀጉሬን ወደ ኋላ ይገፋው ነበር።

እናቴ ሸዋወርቅ የልብ ሕመምተኛ ነበረች። ይህን ያኔ አላውቅም። እኔ የማውቀው እግሯ እንደሚያብጥ፣ ተጋድማ መተንፈስ እንደማትችል፣ ከአልጋዋ ይልቅ ደግሞ ጋቢናውን እንደምትወድ ነው። በዚያ ግንቦት ሙቀቱ ሰው የሚቀቅል ነበር፤ መብራት በየቀኑ ይጠፋል። አባቴ ከመንገድ ሲመለስ መኪናውን ግቢያችን ውስጥ ያቆምና ሞተሩን ሳያጠፋ እናቴን ደግፎ ያስገባታል፤ ፋኑንም ይከፍትላታል። አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴ ሁለት ሰዓት፣ ፊቷን ለንፋሱ ሰጥታ ዓይኗን ጨፍና ትቀመጣለች። ናፍጣው በከንቱ አለቀ እያለ የሚያሽሟጥጥ ጎረቤት ነበር። አባቴ እንዳልሰማ ያልፈዋል።

በግልጽ የሚቃወሙት እትዬ ዘርፉ ብቻ ነበሩ። አጥር የሚጋሩን ጎረቤታችን ናቸው፤ እናቴን የሚያጥቧትና የሚያለብሷት እሳቸው ስለሆኑ አባቴም መልስ አይሰጣቸውም።

«የጨረሳት ይሄ ንፋስ ነው» ይሉ ነበር፣ የእናቴን ልብስ እያጣጠፉ። «በላብ ላይ ንፋስ እንኳን የታመመውን ጤነኛውንም ይጥላል። ደረቷ ውስጥ ገብቶ ነው ትንፋሽ የሚያሳጥራት።»

እትዬ ዘርፉ ሞኝ አልነበሩም። ሰው አውቶቡስ ውስጥ እየታፈነ «መስኮቱን ዝጋው፣ ንፋስ ይመታናል» የሚባልበት አገር ነው ያደግነው። ዛሬ እኔ አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት ላይ ነው የምሠራው፤ ከራሳችን በላይ ያለው ቬንትሌተር ይጥፋ አይጥፋ እየተባባሉ በየቀኑ የሚኳረፉ ሴቶች አሉ። አሥራ ሁለተኛ የጨረሱ ናቸው።

እኔማ አመንኳቸው። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ስትቀመጥ ንፋሱ በአፏ ሲገባ ቁልጭ ብሎ ይታየኝ ነበር። ይህ ለአባቴ አለመታየቱ መጀመሪያ ገረመኝ፤ ቆይቶ አናደደኝ።

ያን ዕለት ሲነጋ የእናቴ ከንፈር ጠቁሮ ነበር። የአዳማው ሐኪም «ከባሰባት በቶሎ አምጧት» ብሎ ነበርና አባቴ አምቡላንስ ሊጠይቅ ሄዶ፣ ወላድ ይዞ ወጥቷል ተብሎ ተመለሰ። በአውቶቡስ እንዳይወስዳት፣ ባለፈው መስኮት ተዘግቶባት ራሷን ስታ በሰው ሸክም ነው የወረደችው። «በጋቢና ነው የምወስዳት» አለ። ከዚያ ከመጋረጃው ጀርባ ሲያወሩ ሰማኋቸው።

«ባጫ፣ ተወኝ በቃ» አለችው። «እዚሁ ልሁን። ደክሞኛል።»

«ሐኪሙ ትምጣ ብሏል እኮ።»

«መንገዱ ይገድለኛል።»

«እሺ በይኝ፣ ሸዋዬ። አንድ ጊዜ ብቻ እሺ በይኝ።»

እሺ ስትል አልሰማኋትም። እኔ የሰማሁት «መንገዱ ይገድለኛል» የሚለውን ነው፤ መንገድ ማለት ደግሞ ለእኔ የሁለት ሰዓት ንፋስ ማለት ነበር። እትዬ ዘርፉ እናቴን ሲያለብሷት፣ አባቴ ራዲያተሩ ላይ ውሃ ሲሞላ፣ ሻሿን ከወንበሩ ላይ አንስቼ ጋቢናው ውስጥ ወጣሁ። የዳሽቦርዱን መሳቢያ ከፍቼ በቀዳዳው በኩል ሻሹን አስገባሁ። እጄ እስከ ትከሻዬ ገባ። ክብ የሆነ ብዙ ክንፍ ያለው ነገር ነካሁ፤ ሻሹን እዚያ መሐል ጠቀጠቅኩት። ወርጄ እጄን በቀሚሴ ስጠርግ ትልቅ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

አባቴ ሞተሩን አስነስቶ ማዞሪያውን ሲያዞረው ከዳሽቦርዱ ውስጥ አንድ ጊዜ የመቃተት ድምፅ መጣና ዝም አለ። አጠፋው፣ አበራው። ምንም የለም። እናቴ መስኮቱ ጋ ነበረች፤ እትዬ ዘርፉ መሐል ሆነው እኔን ታቅፈውኛል። በእነዚያ መኪኖች ሞተሩ ከመቀመጫው ሥር ነው፤ ሙቀቱ በጀርባም በእግርም ይመጣል። ዋናው መንገድ ጋ ሳንደርስ የእናቴ ቀሚስ አንገቱ ድረስ ረጥቦ ነበር።

ከተማው ሲያልቅ፣ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሊጀምር ሲል፣ ግራር ሥር አንድ የመኪና ኤሌትሪክ ሠሪ ነበር፤ ጋሽ ዘገዬ ይባላል። እሱን ካለፍን እስከ ወለንጪቲ ድረስ መኪና የሚጠግን አልነበረም። አባቴ እዚያ አቆመ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ይሆናል።

«ጋሽ ዘገዬ፣ ፋኑ ቆመብኝ።»

«ሌላውስ?»

«ሌላው ደህና ነው።»

«ታዲያ ሂዳ፣ ለፋን ብለህ ነው የምትቆመው?» አለ ጋሽ ዘገዬ ከበርጩማው ሳይነሳ። አባቴ በእናቴ በኩል ያለውን በር ከፈተ። ጋሽ ዘገዬ አያት። ወዲያው ካቻቢቴውን አንስቶ መጣ።

ፊውዙን ነቅሎ ወደ ፀሐይ አንስቶ አየው፤ ተቃጥሏል። አዲስ ከተተ። አባቴ ማዞሪያውን ሲነካው አዲሱም ተቃጠለ። «የሆነ ነገር ይዞታል» አለ ጋሽ ዘገዬ። ሁለት ሽቦ የተቀጠለለት ትንሽ አምፖል ነበረው፤ ከዳሽቦርዱ ሥር ተንጋሎ የፋኑን መሰኪያ ነቀለና፣ ሌላ ፊውዝ አስገብቶ አምፖሉን ከመሰኪያው ጋር አገናኘው። አምፖሉ ቦግ አለ።

«ኤሌትሪኩ እዚህ ድረስ ይመጣል። ማዞሪያውም ደህና ነው። እምቢ ያለው ራሱ የፋኑ ሞተር ነው» አለ።

«ይፈታ?»

«ዳሽቦርዱ ካልወረደ አይወጣም። ሰዓት ይፈጃል።»

«ሰዓት የለኝም፣ ጋሽ ዘገዬ። እርስዎም እያዩ ነው።»

ጋሽ ዘገዬ መሰኪያውን መልሶ፣ በካቻቢቴው እጀታ የሞተሩን ጀርባ ቀስ እያደረገ ይመታ ጀመር። ውስጡ ያለው ካርቦን አንዳንዴ እንደሚጣበቅ፣ ሲመቱት ደግሞ እንደሚነቃ ለአባቴ ይነግረዋል። በመታ ቁጥር እኔ ትንፋሼን እይዛለሁ። እንዳይነቃ በልቤ ማርያምን እለምን ነበር። እናቴ አየር ባጠራት ሰዓት፣ ከእኔ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ሆና፣ የለመንኩት ይህንን ነው።

አልነቃም። ያን ጊዜ ጋሽ ዘገዬ ፊውዙን ትቶ በሽቦ ሊያስረው አሰበ። ፊውዝ እየተቃጠለ ሲያስቸግር በቦታው ሽቦ ማሰር በዚያ መንገድ የሚሠራ ሹፌርም መካኒክም ሁሉ የሚያውቀው መላ ነው። ብዙዎችን ለቤታቸው አብቅቷል።

«እንዲህ ካደረግነው በግድ ይዞራል ወይ ይቃጠላል» አለ።

«ያድርጉት» አለ አባቴ።

ሽቦው ሲታሰር ፋኑ እንደገና ማቃሰት ጀመረ፤ አሁን አላቆመም። እናቴ ዓይኗን ገለጠች። ፊቷን ወደ ቀዳዳው አስጠጋች። ስትጠብቅ አየኋት። ንፋስ አልመጣም፤ የመጣው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ነው። ቀጥሎ ነጭ ጭስ በዚያው ቀዳዳ ፊቷ ላይ ወጣ። ልትስል ሞክራ አቅም አጣች። አባቴ ብድግ አድርጎ አቅፎ አወረዳት፤ ጋሽ ዘገዬ የጋለውን ሽቦ በባዶ እጁ መንጭቆ በጠሰው።

መናገር የነበረብኝ ፊውዙ ሲቃጠል ነበር። ቢቀር አምፖሉ ሲበራ። ቢቀር ጭሱ ሲወጣ። አባቴ መትቶኝ አያውቅም፤ ቢሆንም ፊቱ ያን ቀን የማላውቀው ሰው ፊት ሆኖብኝ ፈራሁ። ከፍርሃቴ በላይ ግን አሁንም ትክክል ነኝ ብዬ አምን ነበር። ያለ ንፋስ በቶሎ ቢሄዱ እናቴ ትድናለች። ታዲያ ለምን አይሄዱም?

እናቴን ግራሩ ሥር፣ እትዬ ዘርፉን አስደግፈው አስቀመጧት። አባቴና ጋሽ ዘገዬ ዳሽቦርዱን ፈቱ። ብሎኑ አልፈታ ሲል አባቴ እየሰበረ ያወጣው ነበር። ብዙ ቆይቶ ጋሽ ዘገዬ ሞተሩን ከነክንፉ ይዞ ወጣ። ክንፉ ላይ የእናቴ ሻሽ ተጠምጥሞበታል፤ ግማሹ ጠቁሯል።

አባቴ ሻሹን ከእጁ ተቀበለው። አልጮኸም።

«ይሄን ማን ነው እዚህ የከተተው?»

እትዬ ዘርፉ አማተቡ። እናቴ ሻሹን አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። ፊቴ ላይ ምን እንዳነበበች አላውቅም። ረጅም ጊዜ አላየችኝም።

«እኔ ነኝ» አለች።

«አንቺ?»

ሁለቴ ተነፈሰች። «ንፋሱ… መሮኝ ነው።» ያን ያህል ለመናገር አንገቷ ላይ ያለው ሥር ተገታትሮ ነበር። ራሷን የእትዬ ዘርፉ ትከሻ ላይ ጣለችና ዓይኗን ጨፈነች።

እኔ ወዲያው ገባኝ። እናቴ ከቁጣ ልታድነኝ ዋሸች። ይህ እውነት ነው፤ እስከዚህ ድረስ ልክ ነበርኩ። ያልገባኝ አባቴ የሰማው ሌላ ነገር መሆኑ ነው። በየምሽቱ ጋቢናው ውስጥ ብቻዋን የምትቀመጠው እሷ ናት። በዚያው ጠዋት «ተወኝ በቃ» ብላዋለች። ሻሹን ይዞ ቆሞ ሲያያት የተናደደው ስለ መኪናው ይመስለኝ ነበር።

ጋሽ ዘገዬ ክንፉን አጽድቶ ሞተሩን ከባትሪው ጋር አገናኘው። ሞተሩ አልዞረም። ሌላ ሽቦ ሞከረ፤ ያው ነው። «ሻሹ አልነበረም የገደለው» አለ ቀስ ብሎ። «እሱ ያዘው እንጂ። ያቃጠለው የእኔ ሽቦ ነው።» ቆዳው የተገፈፈውን ጣቱን ሲያይ ቆየና በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ለማንም ብሎ አልተናገረውም፣ ግን ሁላችንም ሰማነው።

አባቴ መዶሻ ጠየቀ። መጥቶ የተዘጋውን መስኮት መስታወት መታው። ስብርባሪውን በጃኬቱ ከወንበሩ ላይ ጠራረገ።

«ኧረ ባጫ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ንፋሱ ይመታታል» አሉ እትዬ ዘርፉ።

«ይምታት» አለ አባቴ።

ስለ እናቴ ክፉ ቃል ከአፉ ሲወጣ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ እሱን ጠላሁት። እናቴ የደበቀችልኝን፣ እኔ ያዳንኳትን፣ በአንድ መዶሻ አፈረሰብን ብዬ ጠላሁት።

ሄድን። ከበሰቃ ሐይቅ የሚመጣው ንፋስ ትኩስና አቧራማ ነበር፤ በተሰበረው መስኮት በሙሉ ኃይሉ ይገባል። እናቴ ፊቷን አዙራለት አፏን ከፍታ ትቀበለው ነበር። እኔ ከእትዬ ዘርፉ ጭን ላይ ተንጠራርቼ መዳፌን በፊቷ ትይዩ ዘረጋሁ፣ ልከልልላት። እጄን ይዛ ዝቅ አደረገችው። እንደገና ዘረጋሁ። እንደገና ዝቅ አደረገችውና በዚያው ያዘችው፤ አዳማ እስክንገባ አልለቀቀችውም።

ሆስፒታል ሁለት ቀን ቆየች። አፍንጫዋ ላይ የኦክስጅን ቱቦ ነበር፤ እትዬ ዘርፉ አጠገቧ፣ እኔ አልጋው እግር ሥር። አባቴ ሥራ ይበዛበት ነበር። «ባጫ» ስትለው አንድ ነገር የረሳ ይመስል ይወጣል፤ መድኃኒት ሊገዛ ይሆናል እላለሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ሻይ ሊጋብዙኝ እትዬ ዘርፉ ወደ ውጭ ይዘውኝ ወጥተው ስንመለስ፣ አልጋው በመጋረጃ ተከልሏል።

ለማንም አልተናገርኩም። መጀመሪያ ፈርቼ ነው። ኋላ ደግሞ ጊዜው አለፈ፤ እያለፈ ሲሄድ ለመናገር የሚያስፈልገው ድፍረት እየበዛ መጣ። አባቴ መኪናውን ሸጦ አዳማ ገባን፤ ከዚያ ወዲህ መሪ ጨብጦ አያውቅም። ሌላ ሴትም አላገባም። አድጌ ሥራ ከያዝኩ በኋላ አንዲት ነርስ ስለዚያ ሕመም ጠየቅኳት፤ ልቧ እዚያ ደረጃ ከደረሰ ያ ሁለትና ሦስት ሰዓት ምናልባት ምንም አይለውጥም ነበር አለችኝ። «ምናልባት» የሚለውን ቃል ይዤ ዓመታት ኖርኩ። አንዳንድ ቀን ያጽናናኛል፤ አንዳንድ ቀን እንቅልፍ ይነሳኛል።

ባለፈው ሚያዝያ አዳማ በጣም ሞቀ። ከአባቴ ጋር የምንኖርበት ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ እሱም ዕድሜው ገፍቷል፣ ቀኑን ሙሉ በላብ ተዘፍቆ ይውላል። ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ ቬንትሌተር ገዝቼ ገባሁ። ሰክቼ ወደ እሱ ሳዞረው ገመዱን ነቀለው።

«አልፈልገውም።»

«አባዬ፣ ሙቀቱ ይገድልሃል።»

«ለፈለገ ሰው ነው እሱ» አለ። «እኔ ለእናትሽ አየር ልሰጣት ምን ያላደረግኩት አለ? በገዛ እጇ ዘጋችው። ከእኔ ጋር ከመኖር ያን መረጠች።»

ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። የኖረበትን ነገር ነው የነገረኝ። አሥራ ሰባት ዓመት አብረን በልተን፣ አብረን ታመን፣ አባቴ ይህንን ይዞ ይኖር እንደነበር አላወቅሁም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«እሷ አይደለችም» አልኩት። «ሻሹን የከተትኩት እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኩት፤ የእትዬ ዘርፉን ወሬ፣ ቀዳዳውን፣ ማርያምን የለመንኩትን። አላቋረጠኝም። ስጨርስ የቬንትሌተሩን ገመድ እጁ ላይ እንደያዘ ነበር።

«ታዲያ እሷ መዳን ትፈልግ ነበር?» አለኝ።

«ትፈልግ ነበር። መስኮቱን ከሰበርክ በኋላ አፏን ከፍታ ነው የሄደችው። ልከልልላት ስል እጄን እያወረደች።»

ራሱን ነቀነቀ። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢቆጣኝ ደስ ባለኝ።

«ጂጂ፣ ሆስፒታል ስትጠራኝ ትዝ ይልሻል?»

«ትዝ ይለኛል። መድኃኒት ልታመጣ ትወጣ ነበር።»

«መድኃኒት አልነበረም» አለ አባቴ። «አኩርፌያት ነበር። ሁለቱንም ቀን በሩ ጋ ቆሜ ስትጠራኝ እሰማ ነበር።»